ቦርጭን ማን ይመስክር፣ ሚዛን ወይስ ሜትር?

ጀማሪው፦ እስቲ እንከራከር። ምርመራ ስትሄድ ቁመትና ኪሎ ወስደው ቢኤምአይ የሚሉትን፣ ኪሎህን ከቁመትህ ጋር የሚያነጻጽር ቁጥር ያሰሉልሃል። 25 ሲሞላ «ወፍረሃል»፣ 30 ሲሞላ «ከልክ በላይ» ትባላለህ። ወገብህን የሚለካህ ግን የለም። እኔ ቢኤምአይ ይቅር ነው የምለው። ቀመሩን ያመጣው ኬትሌ እኮ ሐኪም አልነበረም፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን «አማካይ ሰው» ምን እንደሚመስል ሲያሰላ የኖረ የቤልጂየም የሒሳብ ሰው ነው።

ባለጂሙ፦ በጣም ትክክል። የኔ 28 ነው፣ ግን ጡንቻ ነው። ቦርጭ የሚባል አላውቅም። ጓደኛዬ ደግሞ 23፣ እጅ እግሩ ቀጫጭን፣ ሆዱ ከበሮ። ማናችን እንፍራ?

ነርሷ፦ ቆይ ቆይ። ሜትርም እኮ ውስጥ አያይም። ከቆዳ ሥር ያለውን ስብ፣ በጉበትና በአንጀት ዙሪያ ካለው ጋር አንድ ላይ ነው የሚጠቀልለው። ይበልጥ የሚያሰጋው የውስጡ ነው፤ ለይቶ ለማየት ሲቲ ስካን ወይም ኤምአርአይ ይጠይቃል። አለካኩስ? አንዱ እምብርቱ ላይ ይለካል፣ አንዱ ቀበቶው የሚታሰርበት ላይ፣ ሆዱን ስቦ የሚለካውን ተዉት (ወንዶች፣ እናንተን ነው)። ትክክለኛው ከመጨረሻው የጎን አጥንትና ከዳሌ አጥንት ጫፍ መሃል ነው፣ ትንፋሽ ወጣ ሲል። ደግሞ ልብስ ግለጡ ሲባል የሚሸማቀቅ ስንት አለ! ሚዛን ላይ ግን ሁሉም ይወጣል።

ጀማሪው፦ ይሁን። ግን ወንድ ከ94፣ ሴት ከ80 ሴንቲሜትር ካለፉ አደጋው ይጨምራል፣ ከ102 እና ከ88 በላይ ደግሞ ይብሳል ይባል የለ?

አጭሯ፦ እኔን የሚያናድደኝ ይሄ ነው! 1 ሜትር ከ50 የሆንኩትን እኔንና 1 ሜትር ከ80 የሆነችውን በአንድ 80 ትለኩናላችሁ? ወገብ ለቁመት ይካፈል። በቁመትህ ልክ ክር ቁረጥ፣ ለሁለት እጠፈው፣ ወገብህ ላይ አዙረው። ካልደረሰ ነገር አለ ማለት ነው። ናይስ የሚባለው የእንግሊዝ መመሪያ አውጪም በ2022 ወገባችሁ ከቁመታችሁ ግማሽ አይለፍ ብሏል።

ነርሷ፦ ብሏል፤ ግን ቢኤምአያቸው ከ35 በታች ለሆኑ ነው ያለው። ቢኤምአይን ጣሉት የሚል አንብበሻል? እኔ ሁለቱንም ነው የምመዘግበው፣ ስኳርና ደም ግፊቱንም ጨምሬ።

አጭሯ፦ አላልኩም እኮ። ወገብ ይቅደም ነው ያልኩት።

ባለጂሙ፦ ክሩን ሞከርኩት። ቁመቴ 1 ሜትር ከ80 ነው። አልደረሰም። በሜትር ስለካ 97።

ነርሷ፦ ሆድህን ስበህ ነው ሳትስብ?

ባለጂሙ፦ ስቤ።