የድሮ የሆረርና የሳይንስ ፊክሽን ሥዕል የሚወድ ወሎ ውስጥ አለ?

የጦሳ ልጅ (ደሴ)

ሰላም የዚህ ቤት ሰዎች። የድሮ የሆረር፣ የሳይንስ ፊክሽንና የፋንታሲ ሥዕል የሚወድ ሰው እየፈለግኩ ነው። የምለው እ.ኤ.አ. ከ1920ዎቹ እስከ 1960ዎቹ የነበሩትን የመጽሔት ሽፋኖችና የፊልም ፖስተሮች ነው። ስልኬ በነሱ ሞልቷል። ፒያሳ ሻይ ይዘን ለጓደኞቼ ሳሳያቸው "ይሄ የሰይጣን ነገር ምን ይሠራልሃል?" ይሉኛል። እኔ የማየው የሰዓሊውን እጅ ነው። ብርሃኑን ከየት አምጥቶ የት እንዳሳረፈው፣ ምኑን አሳይቶ ምኑን እንደደበቀው፣ እዚያ ላይ ዓይኔ ከተተከለ ሰዓቱ እንዴት እንደሚነጉድ አላውቅም።

ማርጋሬት ብራንዴጅን የሚያውቅ አለ? በ1930ዎቹ ዊርድ ቴልስ የሚባለውን መጽሔት ሽፋን በብዛት የሠራችው እሷ ናት። ቺካጎ ተቀምጣ፣ በፓስቴል (ጠመኔ በሚመስል ደረቅ ቀለም)። ፊርማዋ "ኤም. ብራንዴጅ" ስለሚል ብዙ አንባቢ ሴት መሆኗን አያውቅም ነበር። የ1933ቱን የኦክቶበር ሽፋን እዩልኝ። የሌሊት ወፍ ጭምብል ያደረገች ሴት ናት። ደምም የለ፣ ጥርስም የለ። ዓይኗ ብቻ ፊት ለፊት ያይሃል፣ እሱ ይበቃል።

ጥያቄዬ ሁለት ነው። አንደኛ፣ እነዚህን አሳትሜ ግድግዳዬ ላይ መስቀል እፈልጋለሁ። አንድ ባነር ቤት አሳትሜ ደብዝዞና አብረቅርቆ መጣልኝ፣ ሥዕሉ ሞተ። ሁለተኛ፣ በጥቁር ቀለም በነጥብ በነጥብ የሚሠሩትን ሥዕሎች ራሴ መለማመድ እፈልጋለሁ፣ ከምን ልጀምር?

ቀለም በጥብጥ (ኮምቦልቻ)

አብሽር ወንድሜ፣ ብቻህን አይደለህም። ሥራዬ ህትመት ስለሆነ የመጀመሪያውን እኔ ልመልስ።

ባነር ከሩቅ እንዲታይ ነው የሚታተመው፣ ስለዚህ ለእንዲህ ያለ ሥዕል አይሆንም። ዲጂታል ህትመት የሚሠራ ቤት ሂድና ወፈር ያለ፣ የማያብረቀርቅ ወረቀት ጠይቅ። ከዚያ በፊት ግን ፋይሉን እይ። ኤ3 ጥርት ብሎ እንዲወጣ ምስሉ ወደ 3508 በ4961 ፒክስል ቢሆን ነው የሚመረጠው። ከፌስቡክ ያወረድከው ትንሽ ፎቶ ምንም ቢደረግ አይድንም። ኢንተርኔት አርካይቭ ላይ ብዙ የድሮ መጽሔቶች ገጽ በገጽ ስካን ተደርገው ተቀምጠዋል፣ ከዚያ ትልቁን ፋይል አውርድ። ለማተሚያ ቤቱ በቴሌግራም ስትልክም እንደ ፎቶ አትላከው፣ ጨምቆ ያበላሸዋል። እንደ ፋይል ላከው።

ደግሞ "ላጽዳልህ፣ ላብራልህ" ሲሉህ እሺ እንዳትል! ወረቀቱ ቢጫ ሆኗል፣ ጠርዙ ተሸርፏል፣ ይሁን። ዕድሜው ነው። አጽድተው ሲሰጡህ ትናንት የተሠራ ይመስላል፣ እኔ እሱን አልወድም።

ሰዓሊቷ (ሐይቅ)

ስለ ነጥቡ እኔ ልንገርህ። ቨርጂል ፊንሌይን ፈልገው፣ በዚህ ሙያ ከሱ የሚበልጥብኝ የለም። የብዕሩን ጫፍ ቀለም ውስጥ ይነክርና ብረቱ ወረቀቱን ሳይነካ ጠብታዋ ብቻ እንድታርፍ ያደርጋል። ከዚያ ሌላ ነጥብ። ከዚያ ሌላ። የሴትየዋ ጉንጭ፣ ጭሱ፣ ከዋክብቱ፣ ሁሉም ነጥብ ነው። የሚታተመው ደግሞ በዚያ ሻካራ ርካሽ ወረቀት ላይ ነበር። አንድ ሥዕሉን አጉልተህ ጥላው ከብርሃኑ የሚገናኝበትን ቦታ ብቻ ተመልከት። መስመር የለም። ነጥቦቹ እየተራራቁ ይሄዳሉ፣ በቃ።

አንተ በእስክሪብቶ ጀምር። አንድ እንቁላል ጠረጴዛ ላይ አስቀምጥ፣ ከአንድ ወገን መብራት አብራበት፣ መስመር ሳታሰምር በነጥብ ብቻ ሥራው። ሲሰለችህ ሌላውን መንገድ ሞክር፣ ፊንሌይም ይጠቀምበት የነበረውን የመቧጠጥ ሥራ። ዋናው ሰሌዳ ነጭ ሸክላ ተቀብቶ በላዩ ጥቁር ቀለም ያለበት ነው፣ እዚህ ማግኘት ይከብዳል። እኔ ወፍራም ካርቶን ላይ ነጭ የሰም ከለር ጥግብ አድርጌ እቀባና ጥቁር የውሃ ቀለም ጠብታ ፈሳሽ ሳሙና ጨምሬ እደርብበታለሁ። ሲደርቅ በመርፌ ትቧጥጠዋለህ። ከጨለማው ውስጥ ብርሃኑን ፈልቅቀህ ታወጣለህ ማለት ነው፣ ለሆረር ደግሞ ከዚህ የተሻለ የለም።

አንድ ነገር ልጨምር። የኛን የብራና ክታብ አይተህ ታውቃለህ? ቅዱስ ሱስንዮስ በፈረስ ሆኖ ሕፃናት የምትገድለውን ወርዘልያን በጦር ሲወጋት፣ መላእክቱ ሰይፍ መዘው ሲቆሙ፣ እነዚያ የሚያፈጡ ትልልቅ ዓይኖች። ለኔ የኛ የሆረርና የፋንታሲ ሥዕል እሱ ነው። ብራንዴጅን የወደደ ሰው እሱን ሳያይ መቅረት የለበትም።

ጡረተኛው መምህር (ደሴ)

ልጆቼ፣ ደስ የሚል ወሬ ይዛችኋል። ዕድሜዬን ሥዕል ሳስተምር ነው የኖርኩት።

ሰዓሊቷ ልጄ፣ በክታቡ ላይ አልስማማም። ክታብ የሚሠራው ለታመመ ሰው ነው። ብራናው ተሰፍቶ በሰውየው ቁመት ልክ ይለካል፣ የሚጻፍበትም የሱ ስም ነው። ዓይኖቹም ሰውን ለማስደንገጥ አልተሳሉም፣ ጋኔኑን እንዲያባርሩ ነው። የፈረንጁ ሽፋን መንገድ ዳር ተሰቅሎ አላፊ አግዳሚውን አስቁሞ እንዲሸጥ ነው የተሠራው። አንዱ መድኃኒት ነው፣ አንዱ ገበያ ነው። እጁን አጥኚ፣ ከሁለቱም ተማሪ፣ ግን አንድ ናቸው አትበይ።

ለጦሳው ልጅ ደግሞ፣ ሽፋንና ፖስተር ላይ ብቻ አትቅር። በ1931ዱ ፊልም ተዋናዩ ቦሪስ ካርሎፍ ሆኖ የተጫወተውን የፍራንከንስታይን ፍጡር ፊት ፊልሙን አቁመህ እየው። ፊቱን በሜካፕ የሠራለት ጃክ ፒርስ ነው። በየቀኑ ሰዓታት የሚፈጅ ሥራ ነበር። ቆዳው ላይ አረንጓዴ ያዘለ ቀለም ነበር የሚቀባው፣ በጥቁርና ነጭ ፊልም ላይ የሬሳ ንጣት እንዲሰጥ። የመጨረሻውን ውጤት በዓይነ ሕሊናው ያየ ሰው ነው እንዲህ የሚያደርግ። ሬይ ሃሪሃውሰንም አለ። በ1963ቱ "ጄሰን ኤንድ ዘ አርጎኖትስ" ፊልም ሰባት አፅሞች ሰይፍ ይዘው የሚዋጉበት ትዕይንት ደቂቃዎች ብቻ ነው የሚቆየው፣ እሱ ግን አሻንጉሊቶቹን በጣቱ ትንሽ ትንሽ እያንቀሳቀሰ፣ ፎቶ እያነሳ፣ ከአራት ወር በላይ ፈጅቶበታል። እኔ ዛሬም ሳየው ጣቶቹን ነው የማስበው።

ሰዓሊቷ (ሐይቅ)

ጋሼ፣ መድኃኒት ነው ያሉት ልክ ነው። ግን የሣለውም ደብተራ ሰው ነው። ወርዘልያን ሲስል ፀጉሯን እንዴት እንደሚበትነው አስቦበታል፣ አስፈሪ እንድትሆን ፈልጓል። እኔ እዚያ ላይ ነው የሚገናኙብኝ። ከዚህ አልወርድም፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ።

የጦሳ ልጅ (ደሴ)

ሁላችሁንም አላህ ይስጥልኝ። እንቁላሉን ማታውኑ ጀምሬዋለሁ፣ ጥላው ላይ ነጥቦቹ እየተጠጋጉ ጭቃ ሆኑብኝ። ሰዓሊቷ፣ እጄን ላቅልል ወይስ የእስክሪብቶውን ጫፍ ልቀይር? ጋሼ፣ ፈቃድዎ ከሆነ ሥራዬን አንድ ቀን ይዤ መጥቼ ባሳይዎት ደስ ይለኛል።

ሰዓሊቷ (ሐይቅ)

ቀጭን ጫፍ ያዝ። ጥላውን በአንዴ አትሙላው፣ መጀመሪያ ሁሉንም ቦታ በስሱ ዙር፣ ከዚያ ተመለስበት።

ቀለም በጥብጥ (ኮምቦልቻ)

የሰዓሊውን የፍራንክ አር. ፖልን ከተሞችና የጠፈር መርከቦችም እንዳትረሱ። በ1926 የወጣው የመጀመሪያው አሜዚንግ ስቶሪስ የሚባለው የሳይንስ ፊክሽን መጽሔት ሽፋን የሱ ነው። አርክቴክቸር የተማረ ሰው ስለሆነ ሕንፃው ሁሉ የሚቆም ይመስላል፣ ሰዎቹ ግን ትንሽ ደረቅ ይላሉ። አንዱን በኤ3 አትሜዋለሁ። ቅዳሜ ደሴ ስመጣ ላምጣልህ?