የሪስክ ሞዴሊንግ ሶፍትዌር ሊገዛልን ነው፤ ሻጮቹን ምን እንጠይቅ?

ጥያቄ፦ አንደርራይተሯ (አዳማ)

ሰላም ለሁላችሁ። አዳማ፣ አንድ ኢንሹራንስ ቅርንጫፍ ውስጥ ነው የምሠራው፤ አንደርራይተር ነኝ፣ ማለትም ለየትኛው ንብረት በስንት ዋጋ ዋስትና እንደምንሰጥ የምመዝን። ዋናው መሥሪያ ቤት የሪስክ ሞዴሊንግ ሶፍትዌር፣ ማለትም ጎርፍ ወይም መንቀጥቀጥ ቢመጣ ስንት ሊያስከፍለን እንደሚችል የሚገምት ፕሮግራም ሊገዛ ነው። እኛም ምን ምን ፊቸር እንደምንፈልግ እስከ ዓርብ ጽፈን እንድንልክ ታዘናል። ሻጮቹ ያሳዩን ዴሞ ያምራል፤ ካርታው ይሽከረከራል፣ ቀይና ቢጫ ይበራል። እኔ ግን እስካሁን የምሠራው በኤክሴልና በዓይን ግምት ነው።

ከተማችን ዙሪያዋን ከፍታ ስለሆነ ክረምት ላይ ጎርፍ ቁልቁል ይወርድብናል። በ2017 ደግሞ የፈንታሌው መሬት መንቀጥቀጥ እኛንም ሲወዘውዘን ከረመ። ከዚያ ወዲህ ደንበኛው ሁሉ «እሳት ፖሊሲዬ ላይ መንቀጥቀጥ ጨምሪልኝ» ነው የሚለኝ። ስንት ላስከፍል? እስቲ የምታውቁ ንገሩኝ።

ጡረተኛው

ልጄ፣ ካርታውን ለጊዜው እርሺው። ዕድሜዬን የጨረስኩት ጠለፋ መድን (ለኢንሹራንስ ኩባንያዎች ራሳቸው የሚሰጥ ዋስትና) ላይ ነው፤ ከዚያ ልነሳ።

እንዲህ ያለ ሶፍትዌር ውስጡ አራት ነገር አለ። አንዱ አደጋው ነው፦ የት፣ በምን ያህል ኃይል፣ በየስንት ጊዜው። ሁለተኛው አንቺ ዋስትና የሰጠሽው ንብረት ነው። ሦስተኛው ንብረቱ በዚያ ኃይል ሲመታ ምን ያህል እንደሚጎዳ ነው። አራተኛው ገንዘቡ ነው፤ ከጉዳቱ ላይ ደንበኛው የሚሸከመውና የጠለፋ መድን ሰጪው ድርሻ ተቀንሶ እኛ ላይ የሚቀረው።

ሻጮች ስለ መጀመሪያው ሲያወሩ ይውላሉ። አንቺ ሦስተኛውን ያዢ። «ይህ የጉዳት መለኪያ የተሠራው በየትኛው አገር ሕንፃ ነው?» በይ። የካሊፎርኒያ የእንጨት ቤት መለኪያ ለአዳማ ብሎኬት መጋዘን አይሆንም። የጭቃ ቤት፣ ብሎኬት፣ ኮንክሪት ብለሽ መለየት ካልቻልሽ ተዪው።

ሌላም አለ። የጠለፋ ውል ላይ የሰዓት አንቀጽ የሚባል ነገር አለ። ለመሬት መንቀጥቀጥ ብዙ ጊዜ 72 ሰዓት ነው፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ የደረሰው ሁሉ እንደ አንድ አደጋ ይቆጠራል። የፈንታሌው ግን ከመስከረም ጀምሮ ለወራት ነው ሲመላለስ የቆየው። እንዲህ ያለው ከተማችሁን ቢጎዳ ስንት አደጋ ሊባል ነው? በእያንዳንዱ አዲስ አደጋ ኩባንያው የራሱን ድርሻ እንደገና ከኪሱ ይከፍላል። ሶፍትዌሩ ይህን አስገብቶ ማስላት አለበት። ብዙ ገዢ የማይጠይቀው ይህንን ነው።

የሐዋሳ ልጅ

ጋሼ እንዳሉት ነው። እኛ ጋ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ሐይቁ ውስጥ ጥቁር ውሃ ይገባል፤ የሚወጣ ወንዝ ግን የለም። ስለዚህ ውሃው ቀስ እያለ ከፍ ይላል እንጂ እንደ ወንዝ ሙላት በአንድ ሌሊት አይመጣም። የወንዝ ሙላት ብቻ የሚያውቅ ሞዴል ለእኛ ምንም አያደርግልንም። አንቺም የዝናብ ጎርፍ ለብቻው እንዳለው ጠይቂ። የአዳማ ጎርፍ ከኮረብታ እንጂ ከወንዝ አይደለም።

ዳታ ሰው

ሁለት ነገር ብቻ። «የመቶ ዓመት ጎርፍ» ሲሏችሁ በመቶ ዓመት አንዴ ይመጣል ማለት አይደለም። በየዓመቱ 1 በመቶ ዕድል አለው ማለት ነው። በ30 ዓመት ውስጥ ቢያንስ አንዴ የመድረስ ዕድሉ ወደ 26 በመቶ ነው። አለቆቻችሁ ይህን ካልተረዱ ሪፖርቱን ያነቡታል እንጂ አይገባቸውም።

ሁለተኛ፣ ከመግዛታችሁ በፊት ነፃዎቹን ሞክሩ። ለመሬት መንቀጥቀጥ ኦፕንኩዌክ አለ፤ ኦኤሲስ የሚባል የአደጋ ኪሳራ ማስሊያም አለ። ሁለቱም ኮዳቸው ክፍት ነው። ባትጠቀሙባቸው እንኳ ሻጩን የምትጠይቁት ታውቃላችሁ።

ሞተር ክሌም

እኔ የመኪና ካሳ ክፍል ነኝ፤ ልቃወም ነው 😀 ካሳ የምንከፍለው በአብዛኛው ለመኪና አይደል እንዴ? ይህ ሶፍትዌር ስለ ሚኒባስና ባጃጅ ግጭት ምንም አይልም። ለዚያ የሚያስፈልገው የራሳችሁን የካሳ መዝገብ በመኪና ዓይነት፣ በሥራ ጠባይና በመስመር ከፋፍሎ ዋጋ የሚያወጣ ሌላ ፕሮግራም ነው። ለአንዱ የተመደበውን ብር ለሌላው እንዳታውሉት።

አንደርራይተሯ

ሞተር ክሌም፣ ልክ ነህ፤ እጽፈዋለሁ። ጋሼ፣ ንብረት ያሉት ላይ ነው የተቸገርኩት። አድራሻ የምንሞላው «ቀበሌ 04፣ ከፖስታ ቤት ዝቅ ብሎ» እያልን ነው። ሞዴሉ ይህን ምን ያደርገዋል?

ዳታ ሰው

መሀል ከተማ ላይ ነጥብ ያስቀምጥና ዝም ይላል። አደገኛው እሱ ነው። ቦታው ያልታወቀ ንብረት ስንት እንደሆነ ለይቶ የሚያሳይ ፊቸር ጠይቂ። ፕሮፖዛል (የዋስትና ማመልከቻ ቅጽ) ሲሞላ በስልክ ጂፒኤስ መያዝ የሚያስችልም ይሁን።

አንደርራይተሯ (ሐሙስ)

ትናንት ከሰዓት በባጃጅ ዞሬ የ12 መጋዘን ጂፒኤስ ያዝኩ። 7ቱ አንድ ግቢ ውስጥ ናቸው! በእኛ መዝገብ ግን በሦስት ቀበሌ፣ በተለያየ ስም ነው የተመዘገቡት። እያንዳንዳቸው 15 ሚሊዮን፣ በድምሩ 105 ሚሊዮን ብር።

ጡረተኛው

ልጄ፣ ያ ለመንቀጥቀጥ ብቻ አይደለም። መሀላቸው እሳት የሚያቆም ግድግዳ ከሌለ ለእሳትም አንድ ሪስክ ነው፤ አንዱ ከተቃጠለ ሁሉም አብሮ ሊቃጠል ይችላል። ሶፍትዌሩን ሳትጠብቂ ዛሬውኑ ለጠለፋ ክፍሉ ጻፊ።

አንደርራይተሯ

እየጻፍኩ ነው። የባጃጁን ግን ማን ነው የሚከፍለኝ?