ቤት ልንገዛ ነው፣ ካርታው ትክክለኛ መሆኑን የት ነው የምናጣራው? (ጅማ)

የቦሳ ልጅ፦
ሰላም የጅማ ልጆች እንደምን ናችሁ። ቦሳ ቂጦ አካባቢ ቤት አይተን እኔም ባለቤቴም በጣም ወደነዋል፣ 200 ካሬ ነው፣ ከዋናው ቤት ሌላ ሰርቪስ አለው፣ ውሃና መብራት ገብቶለታል፣ ግቢው ውስጥ የሚያፈራ አቮካዶ ሁሉ አለ። ግን ካርታው በአባትየው ስም ነው፣ የሚሸጥልን ልጁ ነው፣ ውክልና አለኝ ይላል። ያሳየን ደሞ ኮፒ ነው፣ ኦርጅናሉስ ስንለው አዲስ አበባ እህቴ ጋ ነው አለ። ደላላው ሌላ ገዢ አለ እስከ ዓርብ ቀብድ ጣሉ እያለ እያጣደፈን ነው። ስንት ዓመት ያጠራቀምናት ብር ናት እና እባካችሁ የምታውቁ ምከሩን።

ሰርቬየሩ፦
እህቴ ቀብድ እንዳትከፍሉ። ኮፒውን ተዪው፣ ኦርጅናሉ ራሱ ብቻውን አይበቃም፣ ማህተም እኮ ዛሬ ማንም ያስቀርፃል። መታየት ያለበት መሬት አስተዳደር ያለው ማህደር ነው። ልጁን ከነውክልናው ይዛችሁት ሂዱ፣ ብቻችሁን ብትሄዱ የሰው ፋይል አያሳዩዋችሁም፣ እሱ ያመልክትና ዕዳና እገዳ እንደሌለበት በደብዳቤ ይፃፍላችሁ። ኦርጅናሉ እህቴ ጋ ነው ሲባል እኔ መጀመሪያ የምጠረጥረው ባንክ ነው፣ ምክንያቱም ቤት አስይዞ የተበደረ ሰው ኦርጅናል ካርታው ባንክ ነው የሚቀመጠው።

ከዛ ሜትር ይዛችሁ ግቢው ውስጥ ግቡ። ካርታው ላይ ያለውን ሳይት ፕላን (የቦታውን ቅርፅና ልኬት የሚያሳየውን ንድፍ) ከአጥሩ ጋር አመሳክሩ፣ በየአቅጣጫው የሚዋሰነው ማን እንደሆነ ጎረቤቶቹን ራሳቸውን ጠይቁ። ካርታው 200 ብሎ አጥሩ ውስጥ 260 ካሬ ሲገኝ ሰው ትርፍ አገኘሁ ብሎ ይደሰታል፣ ያ 60 ካሬ ግን የመንገድ ወይ የወንዝ ዳር ሊሆን ይችላል፣ በተለይ አዌቱ ወንዝ ዳር ላሉ ቦታዎች በጣም ተጠንቀቁ፣ መንገድ ሲሰፋ ያለ ካርታ የያዛችሁት ይፈርሳል ካሳም የለውም። ሰርቪሱም የግንባታ ፈቃድ እንዳለው እዩ።

ነባር ይዞታ (ከሊዝ ስርዓት ውጪ ከድሮ የተያዘ) ነው ወይስ ሊዝ (ከመንግስት ለተወሰነ ዓመት በክፍያ የተያዘ)? ይሄንንም ጠይቂ። ሊዝ ከሆነ ያልተከፈለው ቀሪ ወደናንተ ይዞራል። ነባር ከሆነ ደግሞ በሊዝ አዋጁ (721/2004) መሰረት ከውርስ ውጪ ሲተላለፍ ገዢው ወደ ሊዝ ነው የሚገባው፣ ይሄን ሳያውቁ ዋጋ የሚቆርጡ ብዙ ናቸው።

እማማ፦
ልጄ ውክልናውን ቃል በቃል አንብቢው። ጉዳዬን ይከታተልልኝ የሚል ውክልና ቤት አያሸጥም፣ ለመሸጥ ብሎ በግልፅ መፃፍ አለበት፣ ተሽሮ እንዳይሆንም የተሰጠበት ቦታ ሄደሽ ጠይቂ። አባትየውስ በህይወት አሉ? ወካይ ከሞተ ውክልናው አበቃ፣ ከዛ በኋላ ልጁ ብቻውን የሚሸጠው ነገር የለም፣ ወራሾች በሙሉ በፍርድ ቤት ወራሽነታቸውን አረጋግጠው መፈረም አለባቸው። እናትየዋም አለች፣ በትዳር ውስጥ የተፈራ ቤት ያለ ሚስት ፈቃድ አይሸጥም። የወንድሜ ልጅ ከመርካቶ ወረድ ብሎ የገዛውን ቤት ቀለም ቀብቶ፣ በሩን ቀይሮ፣ ልጆቹን አስገብቶ ከኖረ በኋላ የሟች ልጆች ነን የሚሉ ከአጋሮ መጥተው ከሰሱት። ይኸው እስከ ዛሬ ፍርድ ቤት ነው፣ ቤቱ እግድ ወጥቶበት መሸጥም ማደስም አልቻለም። አባትየውን በዓይናችሁ ሳታዩ ምንም አትፈርሙ።

አባ ቡና፦
እኔስ ከከተማ ወጣ ብሎ ከገበሬ 150 ካሬ በግማሽ ዋጋ አግኝቻለሁ፣ በመንደር ውል ሽማግሌ አስቀምጠን እንፈራረም ይላሉ፣ እንዴት ነው?

ሰርቬየሩ፦
አባ ቡና ተወው ወንድሜ። በህገ መንግስቱ አንቀፅ 40 መሬት አይሸጥም አይለወጥም፣ የሚሸጠው በላዩ ያለው ቤት ነው። ገበሬው ያለው የገጠር ይዞታ ደብተር ነው፣ እሱ በሽያጭ በስምህ አይዞርም። እዛ ላይ ቤት ብትሰራ የጨረቃ ቤት (ያለ ፈቃድ የተሰራ ህገወጥ ቤት) ነው የሚባለው፣ ሽማግሌዎቹ ዶዘር ሲመጣ አያድኑህም። የቤት ውልም ቢሆን ደላላ ቢሮ የተፈረመ ወረቀት ዋጋ የለውም፣ የፍትሐ ብሔር ህጉ 1723 ፍርድ ቤት ወይ ውልና ማስረጃ ፊት ይሁን ነው የሚለው። ብሩም እዛው ሲፈረም በሲፒኦ (ባንኩ ራሱ ክፍያውን በሚያረጋግጥበት የክፍያ ሰነድ) ይሰጥ።

የቦሳ ልጅ፦
እግዚአብሔር ይስጥልን ሁላችሁም፣ እማማ ዕድሜ ይስጥልኝ። ልጁን አባትህን አገናኘን ስንለው ታመው ሊሙ ነው ያሉት አለ፣ ሊሙ ቅርብ ነው እንሄዳለን አልነው፣ ዝም አለ። ሰኞ ጠዋት ኦርጅናሉን ይዞ መሬት አስተዳደር በር ላይ እንዲገናኘን ነግረነዋል፣ ደላላውንም ቀብድ የለም ብለነዋል።

ሰርቬየሩ፦
ጎበዝ። የአፈርና የጣራ ግብር ደረሰኙንም ይዞ ይምጣ፣ ውዝፍ ካለበት ስም አያዞሩላችሁም። ካርታው በኦሮምኛ ስለሆነ ደህና አድርጎ የሚያነብላችሁ የራሳችሁ ሰው ይኑር፣ ደላላው ያንብብልን እንዳትሉ።