ባንክ ሲወድቅ ደሞዝ ለምን ይቆረጣል? የድሬ ልጆች ክርክር

አስተባባሪው፦ የዚህ ሳምንት ክርክር ይኸው። ባለፈው በባጃጅ ታሪፍ የተሰደብኩት ይበቃኛል፣ ዛሬ ራቅ ወዳለ አገር ልውሰዳችሁ። አየርላንድ። እ.ኤ.አ. መስከረም 2008 መጨረሻ ላይ መንግሥቱ በአንድ ሌሊት ለስድስት ባንኮች ተቀማጭና ዕዳ ዋስ ሆነ። ዋስትናው ወደ 440 ቢሊዮን ዩሮ ነበር። በ2009 የመንግሥት ሠራተኛ ላይ የጡረታ መዋጮ ተጫነ። ከጥር 2010 ጀምሮ ደግሞ ደሞዙ ራሱ ተቀነሰ። ባንኮቹን ለማዳን በመጨረሻ የወጣው 64 ቢሊዮን ዩሮ ገደማ ነው። ፍትሕ ነው ወይስ አይደለም? የክፍላችን ልጅ ያኔ እዚያ ነርስ ነበረች፣ እሷ ትጀምር። ደንቡን ታውቁታላችሁ፤ ዘር፣ ሃይማኖትና ኳስ አይነሳም። ዓመቱም ስለ ውጭ ሲወራ በፈረንጅ፣ ስለ አገራችን ሲወራ በእኛ አቆጣጠር ነው።

ነርሷ ከደብሊን፦ ሰላም ለድሬ። እዚህ ዝናብ ነው፣ የእናንተን ሙቀት ትንሽ ላኩልኝ። ያኔ ደሞዜ በዓመት 38,000 ዩሮ ነበር። አቆራረጡ በደረጃ ነው። የመጀመሪያው 30,000 ላይ 5 ከመቶ፣ ቀጥሎ ባለው 40,000 ላይ 7.5 ከመቶ፣ ከዚያ በላይ 10። እኔ ላይ ሲሰላ 1,500 እና 600፣ አንድ ላይ 2,100 ዩሮ። መዋጮውን ሳይጨምር። ለእናቴ በወር 150 ዩሮ እልክ ነበር። የአሥራ አራት ወር የእናቴ ብር ሄደ ማለት ነው።

የሚገርማችሁ ብሩ ብቻ አይደለም ያናደደኝ። አንድ ሌሊት ተረኛ ሆኜ ከአልጋ አልጋ ስሮጥ ቴሌቪዥኑ የመንግሥት ሠራተኛ እንዴት እንደደላው ያወራል። አንድ ሽማግሌ ታማሚ አዩኝና «አንቺን እኮ ነው» ብለው ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። ምን ላድርግ?

የባንክ ቤቱ ልጅ፦ እህቴ፣ ለትክክለኛነት ያህል፣ 2,100 ታክስ ሳይነሳ ነው። እጅሽ ላይ የቀነሰው ከዚያ ያንሳል።

ነርሷ ከደብሊን፦ እሺ ጌታዬ፣ አሥር ወር በለው። ደስ አለህ?

ባለ ሱቁ፣ ታይዋን (የድሬው ገበያ)፦ እኔ ነገር የሚገባኝ በእቁብ ነው። ዕጣ የወጣለት ሰው ዋስ ሳያመጣ ብሩን አይነካትም። ዳኛው አጎቱ ቢሆን እንኳ አይነካትም። እነዚህ ግን ሰውየው ዕጣውን በልቶ፣ ቤት ሠርቶ፣ ቤቱም ዋጋው ከወደቀ በኋላ ነው ዋስ የሆኑለት። ያውም ሌሊት። ያውም በሰው ኪስ።

የባንክ ቤቱ ልጅ፦ ምሳሌህ ጥሩ ነው ግን እቁብ ሃያ ሰላሳ ሰው ነው። ቢፈርስ ሃያ ሰው ይጣላል፣ ሽማግሌ ይገባል፣ ያልቃል። ባንክ ሲዘጋ ደሞዝ የሚገባበት፣ ፋብሪካው ጥሬ ዕቃ የሚገዛበት፣ ፋርማሲው መድኃኒት የሚያስመጣበት በር አብሮ ይዘጋል። ሌማን ብራዘርስ የሚባለው ትልቅ ባንክ አሜሪካ ውስጥ ከወደቀ ገና ሁለት ሳምንቱ ነበር። ጠዋት ባንክ ደጃፍ ሰልፍ እንዳያዩ ፈሩ። እኔም በቦታቸው ብሆን እፈራለሁ።

ሌላም አለ። በ2010 የአየርላንድ የበጀት ጉድለት ከአገሪቱ ጠቅላላ ምርት 30 ከመቶ በላይ ደረሰ። ለባንኮቹ የወጣውን ብታወጡለት እንኳ ወደ 11 ከመቶ ይቀራል። ለምን? መንግሥቱ ለዓመታት ከቤት ግንባታና ሽያጭ በሚሰበስበው ግብር ነበር የኖረው። ቤት መሸጥ ሲቆም ግብሩም ቆመ። ስለዚህ ባንኮቹ ባይወድቁም ደሞዝ መነካቱ አይቀርም ነበር። ሁሉን በባንክ ማላከክ ትክክል አይደለም።

ነርሷ ከደብሊን፦ የ11 ከመቶውን እቀበላለሁ። ግን ቤቱን ማን አስወደደው? ያው ባንኩ አይደለም እንዴ፣ ለመጣ ሁሉ ሲያበድር?

የባንክ ቤቱ ልጅ፦ 😅 እሱማ እውነት ነው።

ቲቸር፦ ልጆች፣ እኔ ጡረታ ለመውጣት ሦስት ዓመት የቀረኝ ሰው ነኝ፤ ፔሮል ላይ ስፈርም ነው ያረጀሁት። በ2003 ለግድቡ የወር ደመወዛችንን ስንሰጥ በአሥራ ሁለት ወር ተከፋፍሎ ነበር የሚነሳልን። በደስታ ነው የሰጠሁት፣ ዛሬም አልቆጭም። ግን ያኔ አንድ ነገር አየሁ። ከነጋዴ ገንዘብ ለመሰብሰብ ኮሚቴ ይቋቋማል፣ ሻይ ይጠጣል፣ ደጅ ይጠናል። ከአስተማሪ ለመሰብሰብ ፔሮሉ ላይ አንድ ዓምድ መጨመር ይበቃል። ሒሳብ ሹሟ አስምራ ጨረሰች።

አየርላንድም የሆነው ይኸው ይመስለኛል። ነርሷ ጥፋተኛ ስለሆነች አይደለም የተቆረጠባት። ደመወዟ እጃቸው ላይ ስለነበረ ነው። ለባንኩ ያበደረው ባለሀብት ገንዘቡ የትም አገር ነው፣ ጠበቃ አለው። እሱን ለመንካት መደራደር ሊኖር ነው።

የባንክ ቤቱ ልጅ፦ ቲቸር፣ እዚህ ላይ እደግፍዎታለሁ። በኋላ መንግሥቱ ራሱ ትልልቆቹን አበዳሪዎች የኪሳራው ተካፋይ ላድርጋቸው ብሎ ነበር። የአውሮፓ ማዕከላዊ ባንክ ነው እምቢ ያለው። በኅዳር 2010 የ85 ቢሊዮን ዩሮ የብድር ስምምነት ሲመጣ፣ ከዚያ ውስጥ 17.5 ቢሊዮኑ ከአየርላንድ ከራሷ ነበር፤ ለወደፊት ጡረታ ያስቀመጡት ገንዘብ ጭምር።

ባለ ባጃጁ፦ ቆይ አቦ፣ አይስላንድስ? እነሱ አንከፍልም ብለው ተገላገሉ ሲባል ሰምቻለሁ። ባንከሮቹንም አሰሯቸው አሉ።

የባንክ ቤቱ ልጅ፦ ግማሹ እውነት ነው። በጥቅምት 2008 ሦስቱ ትልልቅ ባንኮቻቸው ወደቁ። የአገር ውስጥ አስቀማጩን አዳኑ፣ የውጭ አበዳሪውን ተዉት። የእንግሊዝና የሆላንድ አስቀማጮች ገንዘብ ይከፈል የተባለውን ሕዝቡ በ2010 እና በ2011 ሁለት ጊዜ በድምፅ ጣለው። ባንከሮችም ታስረዋል። መገላገል የምትለው ግን... ገንዘባቸው ክሮና ከዩሮ አንጻር ግማሽ ያህል ወረደ። የውጭ ምንዛሪ ቁጥጥሩ ዋናው የተነሳው በ2017 ነው። አየርላንድ ዩሮ ስለምትጠቀም ገንዘቧን ማርከስ አትችልም፣ ስለዚህ ደሞዙን በወረቀት ቀነሰች። አይስላንድ ደሞዙን ሳትነካ ገንዘቡን አረከሰች። ሁለቱም ቀንሰዋል።

ቲቸር፦ እንግዲህ ይኼኛው የእኛ ነው። በሐምሌ 2016 ዶላር ከ57 ብር ተነስቶ በጥቂት ቀናት ከ80 ሲያልፍ፣ በሳምንታት ውስጥ መቶ ሲዘል፣ የእኔን ደመወዝ ማንም አልነካውም። ፔሮሉ ላይ ቁጥሩ ያው ነው። ፊርማዬም ያው ነው።

ባለ ሱቁ፣ ታይዋን፦ ያን ሰሞን ቲቸር፣ የአንድ ሸሚዝ ዋጋ በእስክሪብቶ ሦስት ጊዜ ሰርዤ ጽፌያለሁ። አራተኛው ላይ ወረቀቱ ተቀደደ። ከዚያ ወዲህ ዋጋ መለጠፍ ትቻለሁ፣ የሚገዛ ይጠይቅ።

የባንክ ቤቱ ልጅ፦ ቲቸር፣ ፍትሐዊ ለመሆን በ2017 ጭማሪ ተደርጓል። በ2018 መጀመሪያም እንደገና። ዝቅተኛው መነሻ 6,000 ደርሷል።

ቲቸር፦ ተደርጓል፣ አልካድኩም። በ2017ቱ ከታች 1,100 የነበረው 4,760 ሆነ፣ ደግ ነው፣ ያ ሰው መኖር ነበረበት። ከላይ 20,468 የነበረው ደግሞ 21,492 ሆነ። መሃል ላይ ያለነውን አንተ አስላልን።

ባለ ባጃጁ፦ እኛስ ባንክ አድነናል? ወይስ ደሞዙ ብቻ ነው የመጣብን?

የባንክ ቤቱ ልጅ፦ በ2017 ፓርላማው ወደ 900 ቢሊዮን ብር የሚጠጋ የመንግሥት ቦንድ ለንግድ ባንክ እንዲሰጥ አጽድቋል። ግን እንደ አየርላንድ አይደለም። እዚያ የግል ባንኮች ለግል ቤት ሠሪ አበድረው ነው የወደቁት። እዚህ ባንኩም የመንግሥት፣ ተበዳሪዎቹም የመንግሥት ልማት ድርጅቶች ናቸው። መንግሥት የራሱን ዕዳ ከአንዱ ኪሱ ወደ ሌላው አዛወረ በሉት።

ባለ ሱቁ፣ ታይዋን፦ ኪሱን የሚሞላው ግን ግብር ከፋይ ነው። እኔ ማለት ነው።

ነርሷ ከደብሊን፦ እኔ ልግባና ልተኛ፣ ነገ ጠዋት ተረኛ ነኝ። አቋሜ ይኸው፤ አስቀማጩ ይዳን፣ በጭራሽ አልቃወምም። ግን መጀመሪያ የባንኩ ባለ አክሲዮን ይክሰር፣ ቀጥሎ በትልቁ ያበደረው፣ እኛ መጨረሻ እንምጣ። የእኛ ቅደም ተከተል ተገልብጦ ነበር። የተቆረጠብን በኋላ ተመልሷል፣ ቀስ እያለ፣ ብዙ ዓመት ፈጅቶ። ከስድስቱ ባንኮች የአንዱ፣ የአንግሎ አይሪሽ ባንክ፣ አለቃ የነበረው ዴቪድ ድረም ስድስት ዓመት እስራት የተፈረደበት እ.ኤ.አ. በ2018 ነው። ደሞዜ ከተቆረጠ ከስምንት ዓመት በኋላ!

አስተባባሪው፦ ደህና እደሪ። እኔ ከእሷ ጋር ነኝ፣ ዳኛ አያዳላም የምትሉ ተዉኝ። የቀረ ጥያቄ ያለው?

ባለ ሱቁ፣ ታይዋን፦ አለኝ። የእኔ ባንክ ነገ ቢወድቅ ብሬ ምን ይሆናል?

የባንክ ቤቱ ልጅ፦ የተቀማጭ ገንዘብ መድን ፈንድ አለ። እስከ 100,000 ብር ይሸፍናል።

ባለ ሱቁ፣ ታይዋን፦ የእቁቤ ዕጣ ከዚያ ይበልጣል። ባለፈው ሰኞ ወጣልኝ።

የባንክ ቤቱ ልጅ፦ እንኳን ደስ ያለህ! ዋስ ማንን ሰጠህ?

ባለ ሱቁ፣ ታይዋን፦ ባለ ባጃጁን።

ባለ ባጃጁ፦ እኔን?! መቼ ፈረምኩ አቦ?