ጳጉሜን 6 የተወለደች ልጅ ልደቷ መቼ ነው?

የጳጉሜን እናት፣ ከአዲስ አበባ፦

ጤና ይስጥልኝ። ጥያቄዬ ለብዙዎቻችሁ ቀልድ ሊመስል ይችላል፤ እኛ ቤት ግን በየዓመቱ ጭቅጭቅ ያስነሣል። ልጄ የተወለደችው ጳጉሜን 6 ቀን 2011 ዓ.ም.፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ነው። ጳጉሜን ስድስት ቀን የምትሆነው ደግሞ በአራት ዓመት አንዴ፣ ዘመነ ሉቃስ ሲያልቅ ነው። ስለዚህ ልጅቷ ሰባት ዓመት ሊሞላት ሲሆን የራሷን ቀን ያየችው አንድ ጊዜ ብቻ፣ በ2015 ነው። የሚቀጥለው በ2019 መጨረሻ ይመጣል።

የመጀመሪያው ልደቷ በኮሮናው ጊዜ ስለነበረ ማንም አልመጣም፤ ጳጉሜን 5 ማታ እኔና አባቷ አንድ ሻማ ለኩሰን ፎቶ አነሣናት። በሁለተኛው ዓመት ከበዓሉ ጋር ይሁን ብለን መስከረም 1 አደረግነው። ያንን ስሕተት አልደግመውም። ዘመድ ሁሉ በሩን አልፎ ሲገባ «እንኳን አደረሳችሁ» አለ እንጂ «እንኳን ተወለድሽ» ያላት አንድ ሰው አልነበረም። ዶሮው ቀረበ፣ ድፎው ተቆረሰ፣ ቡናው ሦስተኛ ደረሰ፤ ኬኩ ማቀዝቀዣ ውስጥ ተረስቶ የተቆረሰው በማግስቱ ነው።

ገንዘቡም አለ። እኔ ሒሳብ ክፍል ነው የምሠራው፤ የመሥሪያ ቤቱን ደመወዝ በየወሩ የማዘጋጀው እኔው ነኝ። ዓመቱ በእኔ ሠንጠረዥ አሥራ ሁለት ወር ነው፤ ጳጉሜን እዚያ አትታወቅም። የነሐሴ ደመወዝ እስከ መስከረም መጨረሻ ሊያደርስ ነው፤ መካከሉ ላይ እንቁጣጣሽ አለ፣ የትምህርት ቤት ክፍያ አለ፣ ደብተርና ዩኒፎርም አለ። በዚያ ላይ ኬክ። ክርስትናዋም ቢሆን አልቀናትም፤ ኅዳር 20 ሆነና ጾመ ነቢያት ገብቶ ስለነበር ድግሱ በሽሮና በምስር ወጥ አለፈ። አማቴ እስከ ዛሬ ይተርቡናል።

እናቴ ደግሞ ሌላ ናት። ልጆቿን የምታስታውሰው በታቦት እንጂ በቀን ቁጥር አይደለም፤ እኔ የሚካኤል ነኝ፣ ወንድሜ የመድኃኔ ዓለም። የእኔን ልጅ «የቅዱስ ዮሐንስ ናት» ትላታለች። እማዬ፣ ጳጉሜን ነው የተወለደችው ብላት አትሰማኝም። ቅዱስ ዮሐንስ እኮ መስከረም 1 ነው!

ዘንድሮ እንድጽፍ ያደረገኝ ግን ይህ ሁሉ አይደለም። ትምህርት ቤቷ ግድግዳ ላይ የልጆች ልደት የተዘረዘረበት ሠንጠረዥ አለ፤ በየወሩ ሳጥን ውስጥ ፎቷቸው ተለጥፏል። ሳጥኖቹ አሥራ ሁለት ናቸው። የእርሷን ፎቶ ከነሐሴ በታች፣ ከመስመሩ ውጭ ለጥፈውታል። መምህሯ ክፉ ሰው አይደለችም፤ ክረምት የተወለዱትን ልጆች የማንንም ልደት ክፍል ውስጥ እንደማያከብሩ ነገረችኝ፤ ልክም ናት። ልጄ ግን ያን ዕለት ማታ ብርድ ልብሷን እየሳበች «እማዬ፣ እኔ ዘንድሮ አልወለድም?» አለችኝ።

ምን ልበላት? እንዲህ ያለ ልጅ ያላችሁ ወይም ራሳችሁ ጳጉሜን 6 የተወለዳችሁ መቼ ነው የምታከብሩት?

የደሴው፣ ከዳላስ፦

ልጄ፣ እኔ ስድሳ ስምንት ወይም ስድሳ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። «ወይም» ያልኩት ለቀልድ አይደለም። እኛ ልጆች ሳለን ልደት የሚባለው የሁለት ብቻ ነበር፤ የጌታችን ታኅሣሥ 29፣ የጃንሆይ ሐምሌ 16። ሐምሌ 16 ባንዲራ ይሰቀል ነበር። የእኛን የጠየቀ የለም። ትምህርት ቤት ሊያስገቡኝ ሲወስዱኝ መምህሩ ቀኝ እጄን በራሴ ላይ አዙሬ ግራ ጆሮዬን እንድነካ አዘዙኝ፤ ነካሁ፤ ሰባት ዓመት ብለው ጻፉ። ዕድሜዬ ያ ነው።

በሱዳን በኩል አሜሪካ ስመጣ ቅጹ ቀን ጠየቀ። አላውቅም አልኩ። ጃንዋሪ 1 ተባለ። እዚህ ከእኔ ጋር ከመጡት ውስጥ ጃንዋሪ 1 ያልተወለደ ፈልጌ አላገኘሁም። በፈረንጆች አዲስ ዓመት ጥዋት ባንኩም፣ ጥርስ ሐኪሙም፣ የመኪና ኢንሹራንሱም መልካም ልደት ብለው ይልኩልኛል፤ ቤተሰቤ ብቻ ዝም ይላል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ሴት ልጄ ነገሩ ከነከናትና ደሴ ላለችው ታላቅ እኅቴ ደወለች። እኅቴ ለአፍታም አላሰበች፤ ኅዳር ሚካኤል ባለፈ በሳምንቱ፣ ጤፉ ሲታጨድ፣ እናታችን ለአጫጆቹ ምሳ አድርሳ ስትመለስ ምጥ ያዛት አለች። ዓመቱን ግን እርሷም አታውቀውም። አሁን ከኅዳር ሚካኤል በኋላ ባለው ቅዳሜ ኬክ ይገዙልኛል። ቁጥር የሌለው ሻማ ነው የሚያደርጉበት። ያንቺዋ ቀን ብቻ ሳይሆን ሰዓት ያላት ልጅ ናት፤ እኔ ብሆን አልጨነቅም።

ቨርጂኒያ ያለሁ፦

እኅቴ፣ በፈረንጁ አቆጣጠር ልጅሽ ሴፕቴምበር 11፣ 2019 ናት፤ ያ ቀን ደግሞ በየዓመቱ አለ። ከአራቱ ዓመት በሦስቱ የሚውለው እንቁጣጣሽ ላይ ነው፤ በአራተኛው ጳጉሜን 6 ላይ። ፓስፖርት ስታወጪላት ግን ቀኑን ደጋግመሽ አንብቢ። የእኅቴን ልጅ ወረቀት የተረጎመው ሰው ሴፕቴምበርን መስከረም ብሎ አሥር ቀን ሙሉ አሳስቶባት፣ ለማስተካከል ስንት ደጅ እንደጠናን እኔ ነኝ የማውቀው።

ቀኑን እኔ አልወደውም። የ1994 እንቁጣጣሽ ማክሰኞ ነበር። ዶሮዬን ጥጄ ቴሌቪዥን ስከፍት ኒው ዮርክ ላይ ሕንፃው ይነዳል፤ ብዙም ሳይቆይ ከፔንታገን የሚወጣው ጭስ ከሰፈራችን ታየ። ያንን ዶሮ ማንም አልቀመሰውም። የጓደኛዬ ልጅ በዚሁ ቀን ተወልዳ እናቷ ኬኩን ሁልጊዜ ለቅዳሜ ታደርገዋለች፤ ልጅቷ እስከ አሁን አልጠየቀችም። እዚህ አገር እንደሆነ ልደት ሁሉ ቅዳሜ ነው።

ደረቁ፦

ልደት የፈረንጅ ነው። አያቶቻችን ሻማ ሳያጠፉ ዘጠና ዓመት ኖረዋል። ገንዘቡን ለደብተር አድርጊው።

የጳጉሜን እናት፦

ወንድሜ፣ ደብተሩም ተገዝቷል፤ ተሸፍኗልም።

የቆሎ ተማሪ የነበርኩ፣ ከባሕር ዳር፦

እናትሽ ትክክል ናት፤ ማስረጃውም ከራስሽ ጽሑፍ ውስጥ አለ። ሴት ልጅ ክርስትና የምትነሣው በሰማንያ ቀኗ ነው። ኅዳር 20 ብለሻል። እስኪ ቁጠሪው፤ የመስከረም 30፣ የጥቅምት 30፣ የኅዳር 20፤ ልክ 80። ጳጉሜን 6 ቁጥሩ ውስጥ አልገባችም። ገብታ ቢሆን ሰማንያው ኅዳር 19 በገብርኤል ይሞላ ነበር። ቀኑን የቆጠሩላችሁ ቄስ ልጅቷ በስንት ሰዓት እንደተወለደች የነገራቸው ሰው አለ ማለት ነው።

በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ቀን የሚገባው ከምሽት ጀምሮ ነው። በኦሪት ዘፍጥረትም ማታው ከጥዋቱ ይቀድማል። ጳጉሜን 6 ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት የተወለደች ልጅ ለቤተ ክርስቲያን የመስከረም 1 ልጅ ናት፤ እናትሽ «የቅዱስ ዮሐንስ ናት» ያለችው ለዚህ ነው። የቀበሌው ወረቀት ደግሞ ጳጉሜን 6 ይላል፤ እርሱም አልተሳሳተም።

ጳጉሜን 6 ያስቸገረችው ያንቺን ልጅ ብቻ እንዳይመስልሽ። ገና ታኅሣሥ 29 የሚውለው ከመጋቢት 29 ጽንሰት ዘጠኝ ወር ከአምስት ቀን ተቆጥሮ ነው፤ አምስቱ ቀን ጳጉሜን ናት። ጳጉሜን ስድስት ስትሆን አንድ ቀን ስለሚተርፍ፣ በተከታዩ በዘመነ ዮሐንስ ገና ወደ ታኅሣሥ 28 ይመጣል። በ2016 ያከበርነው 28 ነበር፤ ያኔም ሰው ሁሉ «ዘንድሮ ለምን በ28 ሆነ?» ሲል ነበር። የጌታ ልደት ከተነቃነቀ ያንቺ ልጅ ብትነቃነቅ ምን ይገርማል!

እኔ ብሆን እንዲህ አደርጋለሁ። ጳጉሜን 5 ትሁን 6፣ የዓመቱ የመጨረሻ ምሽት በየዓመቱ አለች። በዚያች ምሽት 2 ሰዓት ሲሆን ሻማዋን ለኩሱላት። በቤተ ክርስቲያኑም መስከረም 1 ገብቷል፣ በወረቀቱም የጳጉሜን መጨረሻ ነው፤ ሰዓቱ ደግሞ ራሱ ሰዓቱ ነው። የበዓሉ እንግዳም ገና አልመጣም፤ የሚቀድማት ዶሮ የለም።

የጳጉሜን እናት፦

ቁጥሩን በካልኩሌተር አረጋገጥኩት፤ ሙያዬ ነውና አፍሬያለሁ። ወዲያው ለእናቴ ደወልኩላት። «ቄሱ ሲጠይቁኝ ከመሸ ነው የተወለደችው አልኳቸው፤ አንቺ አራስ ነበርሽ፣ ማን ይጠይቅሽ» አለችኝ። ታዲያ ለምን እስከ ዛሬ አላስረዳሽኝም ብላት፣ የቅዱስ ዮሐንስ ናት እያልኩሽ ሰባት ዓመቴ አይደለም ወይ ብላ ስልኩን ለልጅቷ ስጪኝ አለች። ምን እንደተባባሉ አላውቅም፤ ልጄ እየዘለለች መጥታ «እኔ የምወለደው ችቦ በሚበራበት ማታ ነው» አለችኝ። አያቷ ድፎውን በኮባ ጠቅልላ አንድ ቀን ቀድማ ልትደፋላት ቃል ገብታለች፤ አንዱ ለእርሷ፣ አንዱ ለበዓሉ።

ጋሼ ከዳላስ፣ ዘንድሮ ለኅዳር ሚካኤል ማግስት ሳምንት እኔም እደውልልዎታለሁ፤ ቁጥርዎን በግል መልእክት ይላኩልኝ። ለትምህርት ቤቱ ሠንጠረዥ ከነሐሴ በታች አሥራ ሦስተኛ ሳጥን በማስመሪያ ሠርቼ ወስጃለሁ፤ ከሌሎቹ በጣም ያነሰች ናት፤ መምህሯ ስቃ ለጥፋታለች። ኬኩ ግን ያው ከነሐሴ ደመወዝ ነው።