ባሕር ዛፍ ለምን «ባሕር» ተባለ?

ጦሳ ግርጌ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ደሴ ለሚገኝ ትምህርት ቤት ግቢ ዛፎች የስም ሰሌዳ እየተዘጋጀ ነው። ባሕር ዛፍ ላይ ሐሳብ ተከፈለ። ግማሹ «ውሃ መጣጭ ስለሆነ ነው» ይላል፣ ግማሹ «ከባሕር ማዶ ስለመጣ» ይላል። የትኛው ነው? የሳይንስ ስሙስ ትርጉሙ ምንድን ነው?

ቦርከና ዳር፦
ሁለተኛው ነው። ዛፉ አገራችን የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ በ1887 ዓ.ም. ገደማ፣ አዲስ አበባ በማገዶና በቤት መሥሪያ እንጨት እጦት በተጨነቀችበት ጊዜ ነው። ከውጭ የመጣን ነገር በባሕር መጥራት ደግሞ የቆየ ልማድ ነው፤ በቆሎም «የባሕር ማሽላ» ተብሏል። ከሚሴ በኩል ኦሮምኛ ተናጋሪዎችን ብትጠይቁ «ባርጋሞ» ይሏችኋል፤ ያው ከባሕር ማዶ ማለት ነው። ትግርኛው «ቀላሚጦስ» ግን የፈረንጁን ስም ወስዶ በራሱ አፍ አስተካክሎታል። ውሃ መጠጣቱ እውነት ነው፣ ምንጭ አጠገብ አትትከሉት፤ ለስሙ ግን ምክንያት አይደለም።

የችግኝ ሰው፦
ቦርከና ዳር በደንብ መልሶታል። የሳይንስ ስሙን ልጨምር። «ዩካሊፕተስ» ከግሪክኛ የተሠራ ነው፤ «ዩ» በደንብ፣ «ካሊፕቶስ» የተሸፈነ። ፈረንሳዊው የዕፅዋት ሊቅ ሌሪቲዬ ስሙን ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1788፣ ከታዝማኒያ በመጣ ናሙና ላይ ተመሥርቶ ነው። የተሸፈነው እምቡጡ ነው። ይህን ለተማሪዎች በእጃቸው አሳዩአቸው፦ ሊፈነዳ የደረሰ እምቡጥ ይቁረጡና ወገቡ ላይ ባለው ቀለበት መሰል መስመር በጥፍር ይጫኑት። ቆቡ ተፈንቅሎ ይወድቃል፣ ተጣጥፈው የነበሩት ነጭ ክሮችም ይዘረጋሉ። አበባ የሚመስለን እነዚያ ክሮች ናቸው። ገና ጥሬ የሆነ እምቡጥ ከመረጡ ቆቡ አይለቅም፣ ይጨፈለቃል።

ሰሌዳው ላይ «ዩካሊፕተስ» ብቻ ብሎ መተው ግን ጎደሎ ነው። እንደ ደሴ ያለ ደጋ የሚስማማው ነጩ፣ «ግሎቡለስ» ነው፤ ትንሽ ድቡልቡል ማለት ነው፣ ከፍሬው ቅርጽ የወጣ። ኮምቦልቻና ከዚያ ዝቅ ባለው ሞቃት አገር የሚሻለው ቀዩ ነው፣ «ካማልዱሌንሲስ»። የሁለቱም አገር አውስትራሊያ ሆኖ ሳለ ቀዩ በጣሊያን ቦታ ተሰየመ፤ እ.ኤ.አ. በ1832 ስም ሲወጣለት የተገለጸው ኔፕልስ አጠገብ ካማልዶሊ በሚባል ስፍራ አትክልት ውስጥ ከበቀለ ዛፍ ነው።

ጦሳ ግርጌ፦
እጅግ አመሰግናለሁ። ነጩና ቀዩ በዓይን እንዴት ይለያሉ?

የችግኝ ሰው፦
እምቡጡንና ፍሬውን ይዩ። የነጩ እምቡጥ አብዛኛውን ጊዜ ነጠላ ነው፤ ትልቅ፣ ሸካራ፣ ዱቄት የተነሰነሰበት የሚመስል። የቀዩ ደቃቅ ነው፣ ሰባትና ከዚያ በላይ ሆኖ በአንድ አንጓ ይንጠለጠላል፤ ፍሬውም አንድ ሴንቲ ሜትር አይሞላም። በቅጠል ብቻ መለየት ያሳስታል። ነጩ ለጋ ሳለ ግንዱ አራት ማዕዘን ነው፣ ቅጠሉም ሰፊ፣ አመድማና ያለ አገዳ ጥንድ ጥንድ ሆኖ ግንዱ ላይ የተለጠፈ። ሲያድግ ግን ረጅምና እንደ ማጭድ የታጠፈ ያወጣል። ከጉቶው ያቆጠቆጠው እንደገና ሰፊውን ስለሚይዝ፣ አንዱ ዛፍ ሁለት ዓይነት ይመስላል።

ቦርከና ዳር፦
ሰሌዳውን ግንዱ ላይ በምስማር አትምቱት። የነጩ ቅርፊት በረጅሙ እየተላጠ ይወርዳል፣ ግንዱም እየወፈረ ምስማሩን ይውጠዋል፤ በኋላ ለመጋዝ አደጋ ነው። አንድ ሜትር ያህል ራቅ አድርጋችሁ በቋሚ እንጨት ላይ ትከሉት።