ከፒክ ወደ ጣት፦ አውራ ጣቴ ዜማውን እየተከተለ አስቸገረኝ

ጥያቄ፦ ፒክ የለመደ

ሰላም ለሁላችሁ። ሮክ የምጫወተው በኤሌክትሪክ ጊታርና በፒክ (በትንሿ የክር መምቻ) ነው። ሪፉም ሶሎውም አይከብደኝም። አሁን አኩስቲክ ይዤ ፊንገርስታይል፣ ማለትም በጣት መጫወት፣ ጀምሬአለሁ፤ ሦስት ነገር አስቸግሮኛል።

1. አውራ ጣቴ ቤዙን (የወፍራሞቹን ክሮች ድምፅ) ብቻውን ሲመታ ልክ ነው። ዜማ ስጨምር ግን ዜማውን ይከተላል። በተለይ ዜማው በሁለት ምት መሃል ሲገባ ቤዙ ወይ ይቆማል ወይ ይሮጣል።
2. ከሮክ ሳልወጣ በጣት የሚሠሩ ዘፈኖችን በምን ቅደም ተከተል ልያዝ? የምትወዷቸውን ከነምክንያታቸው ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል።
3. ዳድጋድ የሚባለውን፣ ሦስት ክር የሚላላበትን ቅኝት ስሞክር ስድስተኛዋ፣ ወፍራሟ ክር እዝዝ ትላለች፤ ቅኝቱም አንድ ዘፈን ሳይጨርስ ይበላሻል። ክሮቹ 12–53 ናቸው (ከቀጭኗ እስከ ወፍራሟ፣ ውፍረታቸው በሺኛ ኢንች)።

መልስ፦ ስድስተኛ ክር

ወንድሜ፣ የመጀመሪያውን እኔ ልያዝልህ። አውራ ጣት በየምቱ የሚመታ ከሆነ የዜማ ኖታ የሚያርፍበት ቦታ ሁለት ብቻ ነው፤ ወይ ከአውራ ጣት ጋር እኩል፣ ወይ በሁለት የአውራ ጣት ምቶች መሃል። አንዱን «ቁንጥጫ» ሌላውን «መሃል» እንበላቸው። ቁንጥጫ ቀላል ነው፣ እጅ አንዴ ነው የሚዘጋው። የሚያደናቅፈው መሃሉ ነው፤ ፒክ የለመደ እጅ ለእያንዳንዱ ድምፅ ከአንጓው ጀምሮ ስለሚንቀሳቀስ፣ ሌባ ጣት ክር ስትስብ አውራ ጣትም አብሮ ይጎተታል።

ሲ ሜጀር ያዝ። አውራ ጣት አምስተኛና አራተኛ ክር ላይ ይመላለስ፤ ሌባ ጣት የሦስተኛ ክር ዘበኛ፣ መሃል ጣት የሁለተኛ ክር ዘበኛ ይሁኑ። ሜትሮኖም 50 ላይ (በደቂቃ 50 ምት)፦

አንድ፦ አምስተኛና ሁለተኛ ክር በቁንጥጫ
ሁለት፦ አራተኛ። እና፦ ሦስተኛ በሌባ ጣት
ሦስት፦ አምስተኛ። እና፦ ሁለተኛ በመሃል ጣት
አራት፦ አራተኛ። እና፦ ሦስተኛ በሌባ ጣት

ጮክ ብለህ ቁጠር፤ ከ«አንድ» ቀጥሎ «እና» የለም፣ እዚያ ላይ ዝም በል። ይህን ሁሉ ግን በአንዴ አትሞክር፣ ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ነው። መጀመሪያ አውራ ጣትና የአንደኛው ምት ቁንጥጫ ብቻ። 16 ባር (አንድ ባር ከአንድ እስከ አራት ያለው ዙር ነው) ሳይቆም ካለፈ የሦስተኛውን ምት «እና» ብቻ ጨምር። ከዚያ የአራተኛውን፣ በመጨረሻ የሁለተኛውን። ከተደናቀፍክ ቴምፖውን ከመቀነስህ በፊት መጨረሻ የጨመርካትን ኖታ አውጣና አራት ባር ቆይተህ መልሳት። ፍጥነት ስትጨምር ሜትሮኖሙን በአራት በአራት ከፍ አድርግ። አውራ ጣት የደረሰ መሆኑን የምታውቀው ከሰው ጋር እያወራህ ቤዙ ካልቆመ ነው።

ኮርድ ሲቀየር አውራ ጣት የሚመላለስባቸው ክሮች ይቀየራሉ። ሲ እና ኤ ማይነር ላይ 5–4፣ ጂ፣ ኢ እና ኢ ማይነር ላይ 6–4። ዲ ላይ 4–3 ሲሆን አውራ ጣት የሌባ ጣትን ክር ይቀማታል፤ ስለዚህ ዲ ሲመጣ ሌባ ጣት ወደ ሁለተኛ፣ መሃል ጣት ወደ አንደኛ ክር ይውጡ። ይህን ያልነገሩት ሰው «ዲ ላይ ብቻ እጄ ይጠፋል» ሲል ይኖራል።

አጨዋወቱ ትራቪስ ፒኪንግ የተባለው በጊታሪስቱ በሜርል ትራቪስ (1917–1983) ስም ነው። እሱ በአብዛኛው የሚጫወተው በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ብቻ ነበር፤ ጣት የጨመረበት ሌላው ጊታሪስት ቼት አትኪንስ ነው። ስለዚህ ቀለበት ጣት ገና አልታዘዝ ካለህ አያስጨንቅህ።

መልስ፦ ቀስ በል

በላይኛው እስማማለሁ፤ የእጅ አቀማመጥ ግን ተረስቷል። አውራ ጣት ከሌሎቹ ጣቶች ወደ አንገቱ በኩል ቀደም ብሎ ይውጣ። ከኋላቸው ከተደበቀ ሲመታ መዳፍ ውስጥ ይገባና ከሌባ ጣት ጋር ይጋጫል። አውራ ጣት ክሩን ወደ ሳጥኑ አይጫነው፣ ከሳጥኑ ፊት ጋር ትይዩ ሆኖ ይለፈው። ወደ ውስጥ የተገፋ ክር ፍሬቱን (አንገቱ ላይ በአግድም ያለውን ብረት) ይመታል፤ የሦስተኛው ጥያቄህ ግማሽ መልስም ይኸው ሊሆን ይችላል።

ቤዙ ዜማውን ከዋጠው የመዳፍህን ጠርዝ ሳድሉ (ክሮቹ ሳጥኑ ላይ የሚያርፉበት ዘንግ) ላይ አሳርፍና 6፣ 5 እና 4ን ብቻ ትንሽ አፍናቸው። ልዩነቱ የሚሊ ሜትር ነው። እጅ ወደ ድምፅ ቀዳዳው ትንሽ ካለፈ ክሩ ይሞታል፤ ከሳድሉ ወደ ኋላ ከሸሸ ምንም አያፍንም። «ዱም ዱም» የሚል፣ ኖታው ግን የሚለይ ድምፅ ስታገኝ እዚያው ቁም።

ጥፍር ከጣት ጫፍ ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ቢያልፍ ይበቃል። የብረት ክር ጥፍር ይበላል፤ ጠርዙን በሻካራ ሞረድ ከጨረስክ ክሩ ይይዝሃል፣ በደቃቅ ጨርሰው። ለአውራ ጣት ደግሞ ታምብ ፒክ፣ ማለትም አውራ ጣት ላይ የሚጠለቅ ፒክ፣ አለ። ከፒክ ለመጣ ሰው የቤዙን ጉልበት ወዲያው ይመልስለታል። ከጠበበህ ፕላስቲኩን ሙቅ ውሃ ውስጥ ጥቂት ነክረህ በቅርጽ አስፋው፤ ከሰፋህ እንደዚሁ አጥብበው። ለጀማሪ ጫፉ ረጅም ይሆናል፣ ቆርጦ መሞረድ ነውር የለውም።

ትንሿን ጣት ሳጥኑ ላይ አትትከላት። ቀለበት ጣትን ታስራለች።

መልስ፦ ስድስተኛ ክር

ትንሿ ጣት ላይ አልስማማም። በሁለትና በሦስት ጣት ለሚጫወት ሰው ቀለል አድርጎ ማሳረፍ እጅ እንዳይንከራተት ይረዳል። ቀለበት ጣት ሥራ ሲጀምር ይነሳል፣ በቃ። መጥፎው ነገር ተጭኖ መደገፍ ነው፤ ሳጥኑ ላይ የጣት አሻራ የሚተው ዓይነቱ።

መልስ፦ ሰባተኛ ፍሬት

ሁለተኛው ጥያቄ የኔ ነው። ቅደም ተከተሉን ያወጣሁት በዝና አይደለም፣ እጅ በሚማረው ነው።

መጀመሪያ የካንሳስ «ደስት ኢን ዘ ዊንድ» (1977)። የባንዱ ጊታሪስት ኬሪ ሊቭግረን ለጣት ልምምድ ከሠራው ነገር የወጣ ዘፈን ስለሆነ፣ ጥለቱ «ስድስተኛ ክር» የተባለው ወንድማችን ካሳየህ ጋር የቅርብ ዘመድ ነው። መግቢያው ላይ ሲ ኮርዱን ይዘህ ሁለተኛ ክር ላይ ያለችው ኖታ ብቻ ትቀየራለች፦ አንደኛ ፍሬት፣ ባዶ፣ ሦስተኛ ፍሬት። የቀኝ እጅ ጥለት አይቀየርም። ሰው የሚሳሳተው ግራ እጅ ሲቀየር ቀኙንም አብሮ ሲያቆመው ነው።

ቀጥሎ «ላንድስላይድ» (1975)፣ ፍሊትውድ ማክ። ሊንዚ ባኪንግሃም ነው የሚጫወተው። ካፖ (ክሮቹን ሁሉ አንድ ፍሬት ላይ የሚይዝ መቆንጠጫ) ሦስተኛ ፍሬት ላይ፤ ኮርዶቹ ሲ፣ ጂ በቢ ቤዝ፣ ኤ ማይነር 7፣ ዲ በኤፍ ሻርፕ ቤዝ። ከካፖው ሲቆጠር ቤዙ አምስተኛ ክር ላይ 3፣ 2፣ ባዶ፣ ከዚያ ስድስተኛ ክር 2ኛ ፍሬት ይወርዳል። አስቸጋሪዋ መጨረሻዋ ናት፤ አውራ ጣት ከ5–4 ወደ 6–4 መዝለል አለበት፣ በዚያው ቅጽበት ስድስተኛዋን የያዘው ጣት በጎኑ አምስተኛዋን ነካ አድርጎ ዝም ያሰኛት። እሷን ቦታ ብቻዋን ሃያ ጊዜ ደጋግማት እንጂ ሁሌ ከመጀመሪያው አትነሳ።

ሦስተኛ የሊድ ዘፔሊን «ስቴርዌይ ቱ ሄቨን» (1971) መግቢያ። ሁሉም ሰው ስለሚጫወተው ተሰልችቷል፤ ለቁንጥጫ ግን ከእሱ የተሻለ አስተማሪ የለም። አራተኛ ክር ላይ ቤዙ 7፣ 6፣ 5፣ 4፣ 3 እያለ በየፍሬቱ ሲወርድ፣ አንደኛ ክር ላይ ያለው ድምፅ መጀመሪያ ወደ ላይ ይወጣል፦ 5፣ 7፣ 8። በፒክ ከተጫወትከው ሁለቱ ድምፆች ተከታትለው ይመጣሉ። በጣት እኩል ይወድቃሉ፤ ያኔ ነው መግቢያው በር የሚከፍተው።

አራተኛ የቢትልስ «ብላክበርድ» (1968)። ፖል ማካርትኒ ብቻውን፣ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት። ሦስተኛዋ ክር ሳትያዝ ዘፈኑን ሙሉ ትጮሃለች፣ ከላይና ከታች ሁለት ድምፆች አብረው ይሄዳሉ፦ ስድስተኛ ክር 3ኛ ፍሬት ከሁለተኛ ባዶ ጋር፤ አምስተኛ ባዶ ከሁለተኛ 1ኛ ጋር፤ አምስተኛ 2ኛ ከሁለተኛ 3ኛ ጋር፤ ከዚያ ድንገት አምስተኛ 10ኛ ከሁለተኛ 12ኛ ጋር። ዝላዩን በዓይንህ ቀድመህ 12ኛው ፍሬት ላይ ጠብቀው፤ እጅ የሚሄደው ዓይን ወዳለበት ነው። ምቱም አንዴ 3 አንዴ 4 ይሆናል፣ ስለዚህ ባሩን በእግርህ አትቁጠር፣ ዜማውን ዘምር።

ለኤሌክትሪኩ ደግሞ የዳየር ስትሬትሱን የማርክ ኖፕፍለርን ጨዋታ ስማ። «ሰልታንስ ኦቭ ስዊንግ» (1978) ያለ ፒክ፣ በአውራ ጣት፣ በሌባ ጣትና በመሃል ጣት ነው። ያ «ጠቅ» የሚል ድምፅ ክሩን ከታች ስቦ ከመልቀቅ የሚመጣ ስለሆነ ማጉያውን በማስተካከል ብቻ አታገኘውም። የሮክ ጊታሪስቱ ጄፍ ቤክም ኋላ ላይ ፒኩን ትቶ በአውራ ጣት ነበር የሚጫወተው። ሮክ ፒክ ይጠይቃል የሚለውን ክርክር ሁለቱ ዘግተውታል።

መልስ፦ ውጥረት

ሦስተኛው ጥያቄ። ዳድጋድ ማለት ስድስተኛ፣ ሁለተኛና አንደኛ ክር እያንዳንዳቸው አንድ ሙሉ ድምፅ ሲወርዱ ነው። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ጊታሪስቱ ዴቪ ግራሃም ያስተዋወቀው ቅኝት ሲሆን የሊድ ዘፔሊኑ ጂሚ ፔጅ «ካሽሚር» (1975) ላይ ተጠቅሞበታል። ስድስተኛዋ ክር ከ82.4 ወደ 73.4 ኸርዝ ትወርዳለች። ውጥረት በድግግሞሹ ካሬ ስለሚለወጥ ሲሰላ 21 በመቶ ገደማ ይጠፋል። የላላ ክር ሰፋ አድርጎ ይወዛወዛል፣ ፍሬት ይመታል። በላዩ ላይ ሦስት ክር ሲላላ የአንገቱ ጉብጠት ይቀንሳል፣ ክሩ ወደ ፍሬቱ ይጠጋል።

ለክተህ ጀምር። ጊታሩን ዳድጋድ ላይ አድርገህ ካፖ አንደኛ ፍሬት ላይ እሰር፤ ስድስተኛዋን ክር አንገቱ ከሳጥኑ ጋር የሚገናኝበት ፍሬት ላይ ተጫን፣ ብዙ ጊዜ 14ኛ ነው። 7ኛው ፍሬት ላይ በክሩና በፍሬቱ መሃል 0.25 ሚሊ ሜትር ገደማ ክፍተት ይፈለጋል። የኤሌክትሪክ ጊታርህ አንደኛ ክር 10 ከሆነች ቁራጯ ልክ ይህን ያህል ውፍረት አላት፤ እሷን መለኪያ አድርጋት። ክሩን ሳታነሳ ካላለፈች ትረስ ሮዱን (አንገቱ ውስጥ ያለውን የማስተካከያ ብረት) ከሩብ ዙር ባነሰ ወደ ግራ አላላው፣ ክሮቹን መልሰህ ቃኝ፣ እንደገና ለካ። ጠንክሮ እምቢ ካለ አታስገድደው፣ ለባለሙያ ስጠው። ክፍተቱ ደህና ከሆነ 12ኛው ፍሬት ላይ የክሩን ከፍታ እይ፤ ለስድስተኛ 2.4፣ ለአንደኛ 1.8 ሚሊ ሜትር አካባቢ ጥሩ መነሻ ነው።

ዳድጋድ ላይ የምትቆይ ከሆነ ስድስተኛዋን ብቻ በ56 ቀይራት። ኪሳራው ከ21 ወደ 11 በመቶ አካባቢ ይወርዳል። መላውን 13–56 ካደረግክና ወደ መደበኛ ቅኝት ከተመለስክ ግን አንገቱ አብዝቶ ይጎብጣል፣ ማስተካከያውም እንደ አዲስ ነው።

ቅኝቱ የሚበላሸው በሁለት ምክንያት ነው። አንድ፣ ክሩ ነት (ከአንገቱ ጫፍ፣ ከመቃኛዎቹ በፊት ያለው ቦይ ያለው ዘንግ) ላይ ተይዞ ይቆይና ስትጫወት ይለቀቃል። መቃኛውን ስታዞር «ጢንግ» የሚል ድምፅ ከሰማህ ያ ነው፤ የእርሳስ ግራፋይት ቦዩ ውስጥ ቀባበት። ሁለት፣ ከላይ ወደ ታች ወርደህ ዲ ላይ ስትቆም መቃኛው ጥርስ መሃል ልል ነገር ይቀራል። ከዲ አሳልፈህ አውርደው፣ ክሩን በእጅህ ሳብ ሳብ አድርግ፣ ከዚያ ወደ ላይ እያጠበቅህ ዲ ላይ ድረስ። ሦስቱ ሲላሉ የ5፣ የ4 እና የ3 ድምፅ ትንሽ ከፍ ስለሚል ስድስቱንም ሁለት ዙር ቃኛቸው።

ጥያቄ፦ ፒክ የለመደ

እግዜር ይስጥልኝ። ለካሁ፣ የክሯ ቁራጭ አላለፈችም፤ ስለዚህ አንገቱ ነው። የአውራ ጣቱም ነገር «ቁንጥጫ» እና «መሃል» ብዬ ወረቀት ላይ ስከፍለው ገባኝ። አንድ ቀረ፦ «ላንድስላይድ» ላይ ካፖ ሳስር የሁሉም ክር ድምፅ ከሚገባው በላይ ከፍ ይላል፣ ስድስተኛዋ ትብሳለች።

መልስ፦ ቀስ በል

ካፖው በጣም ጠብቋል፣ ወይም ከፍሬቱ ርቋል። ከሦስተኛው ፍሬት ኋላ ተጠግቶ፣ ፍሬቱ ላይ ግን ሳይወጣ፣ ቀጥ ብሎ ይቀመጥ። ብሎን ያለው ካፖ ከሆነ አላልተህ ጀምርና ክሮቹን አንድ በአንድ እየመታህ ጩኸታቸው ንጹሕ እስኪሆን ብቻ አጥብቅ። ስፕሪንግ ያለው ከሆነ ጉልበቱን መቀነስ አትችልም፤ ካሰርክ በኋላ ስድስተኛዋን እንደገና ቃኛት። ስታወልቀው ደግሞ መልሰህ መቃኘቱን እንዳትረሳ።